ጌጁ ደጋ ሲወጣ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ የዓሣ መጋዘን አስቡ። ክፍሉ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ እንዲቆም ታስቦ የተሠራ ነው። በሩ ሲከፈት ነጭ ጉም መሬት ለመሬት ይሳባል፤ ጣሪያው ሥር የተሰቀለው ኢቫፖሬተር እያጓራ ቀዝቃዛ አየር ይተፋል። መካኒኩ መሰላል ላይ ወጥቶ የቴርሞሜትሩን ሽቦ ከመምጠጫው ቧንቧ ጋር አስሯል፤ ረዳቱ ከታች ሆኖ የግፊት መለኪያውን፣ ጌጁን፣ ያነባል። «ስንት ይላል?» «ዜሮ ነጥብ ሦስት ባር፣ ጋሼ።» ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 ያሳያል። መካኒኩ የጋዙን ሠንጠረዥ ከኪሱ አውጥቶ ያመሳክራል፤ የማሽኑ ጋዝ አር-134ኤ በ0.3 ባር የሚፈላው ከዜሮ በታች 20 ላይ ነው ይላል። ቧንቧው 20፣ ሠንጠረዡ 20፣ ልዩነቱ ምንም። ፈሳሽ ጋዝ ወደ ኮምፕረሰሩ እየተመለሰ ነው ማለት ነው። ወደ ኢቫፖሬተሩ የሚገባውን ፈሳሽ የሚመጥነውን ቫልቭ ክዳን ፈቶ ማስተካከያውን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ይጠብቃል፤ ደግሞ ያዞራል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ጌጁ 0.08 ባር ላይ ቆሟል፣ ሠንጠረዡ ከዜሮ በታች 24 ይላል፣ ቧንቧው አሁንም 20 አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ፤ መጽሐፍ የሚያዘው ቁጥር። ዕቃውን ሰብስቦ ይወርዳል።

በዚህ ሥራ ውስጥ ቸልተኝነት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጌጁ ደህና ነው፣ ቴርሞሜትሩ አልዋሸም፣ ሠንጠረዡም የታተመለትን ነገር በትክክል ይናገራል። ሆኖም መካኒኩ ሲገባ በደንብ የተስተካከለ የነበረው ቫልቭ ሲወጣ ተበላሽቷል፤ ክፍሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፕረሰሩ ሌት ተቀን እየሠራ እንኳ የሚፈለግበት ቅዝቃዜ ላይ ለመድረስ ይቸገራል። ጥፋቱ የተደበቀው በቧንቧውና በሠንጠረዡ መካከል ያለው ልዩነት፣ ሱፐርሂት የሚባለው፣ «ይህን ያህል ይሁን» በሚለው ቁጥር አረዳድ ላይ ነው። በሙያው ውስጥ ሱፐርሂት እንደ ጎማ ንፋስ ይታያል፤ ልኩን አውቀህ ትሞላለህ፣ አለቀ። እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ሱፐርሂት በሁለት ሙቀቶች መካከል ያለ ርቀት ነው፣ የምንለካበት ገመድ ደግሞ ክፍሉ በቀዘቀዘ ቁጥር ይኮማተራል። ደጋ ላይ ስንወጣ ገመዱ ከነመነሻው ይንሸራተታል። ስለዚህ ከአንድ ክፍል ወደ ሌላ ክፍል፣ ከአንድ ከተማ ወደ ሌላ ከተማ ተሸክመነው የምንሄደው አንድ ልክ የለም።

ነገሩን ከማድቤት መጀመር ይቀላል። ጅቡቲ ላይ የተጣደ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ አዲስ አበባ ላይ የተጣደው በ92 ገደማ። ደጋ ላይ ንፍሮ የሚዘገየው እሳቱ ሰንፎ አይደለም፤ ውሃው ላይ የሚጫነው አየር ስለቀለለ በዝቅተኛ ሙቀት ፈልቶ ከዚያ በላይ አልሞቅም ስለሚል ነው። ነጥበ ፍላት የግፊት ተከታይ ነው። የማቀዝቀዣ ሥራ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። አር-134ኤ በባሕር ጠለል አየር ግፊት ቢቀመጥ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ግፊቱን ከፍና ዝቅ በማድረግ በፈለግነው ሙቀት እናፈላዋለን። ኢቫፖሬተር ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ ፈሳሹ ገብቶ ይፈላል፣ ለመፍላት የሚያስፈልገውን ሙቀት ከዓሣው፣ ከሥጋው፣ ከአበባው ይወስዳል። በሚፈላበት ጊዜ ሁሉ ሙቀቱ አይለወጥም። የመጨረሻዋ ጠብታ ወደ ተን ከተለወጠች በኋላ ግን ተኑ እንደማንኛውም ነገር መሞቅ ይጀምራል። ከነጥበ ፍላቱ በላይ የጨመረው ይህ ሙቀት ነው ሱፐርሂት የሚባለው።

የሚፈለገውም እንደ መድን ነው። ኮምፕረሰር የተሠራው ተን ለመጭመቅ ነው፤ ፈሳሽ አይጨመቅም። ፈሳሽ የመጣበት ኮምፕረሰር ቫልቮቹን ይሰብራል፣ ወይም ዘይቱ ከማዞሪያ ክፍሎቹ ላይ ታጥቦ በደረቅ ብረት ይፋተጋል። ተኑ ከኢቫፖሬተሩ ሲወጣ ጥቂት ዲግሪ ከሞቀ፣ ፈሳሽ እንዳልተረፈ እርግጠኞች እንሆናለን። ለዚህ መድን የምንከፍለው አረቦን ግን አለ። ተኑ የሚሞቅበት የቧንቧ ርዝመት ማቀዝቀዙን ከሞላ ጎደል አቁሟል፤ ብዙ ሙቀት የሚወስደው የሚፈላ ፈሳሽ እንጂ የሚሞቅ ተን አይደለም። ሱፐርሂቱ በጨመረ መጠን በገንዘብ የተገዛው ኢቫፖሬተር እያጠረ ይሄዳል። ጥያቄው ስለዚህ «መድን ይኑር ወይስ አይኑር» ሳይሆን ስንት ይከፈል የሚለው ነው።

ሒሳቡን የሚያሰላው ያው መካኒኩ የነካው ቫልቭ፣ የኤክስፓንሽን ቫልቭ ነው። ማድስ ክላውሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ዴንማርክ ውስጥ፣ አልስ ደሴት ላይ፣ ኖርድቦርግ በሚገኘው በወላጆቹ እርሻ ቤት ሆኖ ዛሬ ዳንፎስ የሚባለውን ኩባንያ ሲጀምር የመጀመሪያ ምርቱ ይኸው ዕቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ቢሻሻልም ሐሳቡ እንዳለ ነው። በቀጭን የብረት ሽፋን ላይ ሦስት ግፊቶች ይገፋፋሉ። ከላይ፣ ከኢቫፖሬተሩ መውጫ ቧንቧ ጋር በታሰረው ቡልብ ውስጥ ያለው ጋዝ ቫልቩን ለመክፈት ይጫናል፤ ከታች የኢቫፖሬተሩ ግፊትና አንድ ስፕሪንግ ለመዝጋት ይገፋሉ። መካኒኩ ማስተካከያውን ሲያዞር የሚያጠብቀው ወይም የሚያላላው ስፕሪንጉን ነው። እዚህ ላይ ነው አንባቢ ቆም ማለት ያለበት፤ ስፕሪንጉ ዲግሪ አያውቅም። የሚያውቀው ግፊት ብቻ ነው።

አንድ ስፕሪንግ በ0.6 ባር የሚገፋ ሆኖ፣ ቡልቡም ውስጥ ያው አር-134ኤ ተሞልቶ እንውሰድ። ጋዙ ዜሮ ዲግሪ ላይ በሚፈላበት ክፍል፣ ግፊቱ በፍጹም አለካክ፣ ማለትም ከባዶ ተነሥቶ ሲለካ፣ 2.93 ባር ነው። ቫልቩ መከፈት እንዲጀምር ቡልቡ 3.53 ባር ማምጣት አለበት፤ ይህ ደግሞ የ5 ዲግሪ ሙቀት ነው። ሱፐርሂት 5 ማለት ነው፤ መልካም። ያንኑ ቫልቭ፣ ስፕሪንጉን ሳንነካ፣ ጋዙ ከዜሮ በታች 25 ላይ ወደሚፈላበት ፍሪዘር እንውሰደው። ግፊቱ 1.06 ባር ነው፤ 0.6 ሲጨመርበት 1.66፤ ይህ ግፊት የሚገኘው ከዜሮ በታች 14 ተኩል አካባቢ ነው። ሱፐርሂቱ ከ10 ዲግሪ በላይ ሆነ። ማንም እጁን አላስገባም፣ ቁጥሩ ግን በእጥፍ አደገ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አር-134ኤ ከ5 ዲግሪ ወደ 6 ሲሞቅ ግፊቱ በ0.12 ባር ገደማ ሲጨምር፣ ከዜሮ በታች 25 አካባቢ ግን አንድ ዲግሪ ሙቀት የምታመጣው የግፊት ለውጥ 0.05 ባር ብቻ ናት። ገመዱ ይኮማተራል ያልኩት ይህን ነው።

«ታዲያ አምራቾቹ ይህን አያውቁም?» ለሚል፣ ያውቃሉ። ለፍሪዘር የሚሸጡ ብዙ ቫልቮች ቡልባቸው ውስጥ የተለየ ድብልቅ የሚሞላው፣ የሙቀት ክልላቸውም በሳጥናቸው ላይ የሚጻፈው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዚህ የሚነሣው ተቃውሞ በሙያው ውስጥ ትልቅ ክብደት አለው፤ «ቫልቩ ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የመጣው፣ አትንካው።» ምክሩን ቀላል አድርጌ አላየውም። አንድ ክፍል አልቀዘቅዝ ሲል ጥፋተኛው ቫልቩ የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ጋዝ ጎድሎ፣ ማጣሪያው ተደፍኖ፣ ማራገቢያው ቆሞ፣ በረዶ ኢቫፖሬተሩን አፍኖት፣ ወይም ቡልቡ ከቧንቧው ላልቶ ሽፋኑ ተገፎ ሊሆን ይችላል። እነዚህን ሁሉ ሳያዩ ቁልፍ ማንሣት ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትር እንደ መቀየር ነው። ምክሩ እዚህ ድረስ ልክ ነው፤ ከዚህ ካለፈ ግን ይሰናከላል፤ ፋብሪካው ያስተካከለው ስፕሪንግን ነውና። ያ ስፕሪንግ ስንት ዲግሪ እንደሚሆን የሚወስነው ቫልቩ የሚገባበት ክፍል ነው። ክልሉ ለማይስማማው ክፍል የተገዛ ቫልቭ፣ ወይም ጋዙ በተቀየረ ማሽን ላይ የቀረ አሮጌ ቫልቭ፣ «ከፋብሪካ ነው» በሚል ዋስትና አይድንም።

አሁን ወደ ዓሣው መጋዘን እንመለስ። ጌጅ የሚለካው በቧንቧው ውስጥ ያለውን ግፊት በራሱ አይደለም፤ ከውጭው አየር ግፊት ምን ያህል እንደሚበልጥ ነው። ባዶውን ሲቀመጥ ዜሮ ላይ እንዲቆም ይደረጋል፤ ያ ዜሮ ግን የአካባቢው አየር ግፊት ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ዜሮ ማለት 1.01 ባር ነው። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ዜሮ ማለት 0.76 ባር ገደማ ነው። የሩብ ባር ልዩነት። በአቅራቢዎች ካርዶች ላይም ሆነ በጌጁ ፊት ራሱ ላይ በቀለም የታተሙት የሙቀት ቁጥሮች የተሠሩት ለባሕር ዳርቻው ዜሮ ነው። መካኒኩ 0.3 ባር ሲያነብ፣ ሠንጠረዡ በሆዱ 1.01 ጨምሮ 1.31 ባር ያደርገውና «ከዜሮ በታች 20» ይላል። በእርግጥ ቧንቧው ውስጥ ያለው 0.3 ሲደመር 0.76፣ ማለትም 1.06 ባር ነበር፤ ጋዙም የሚፈላው ከዜሮ በታች 25 ላይ ነበር። ቧንቧው 20 ላይ ስለሆነ፣ ሱፐርሂቱ ሳይነካ 5 ዲግሪ ነበር። ለዚያ ክፍል ከዚህ የተሻለ መመኘት አይቻልም። መካኒኩ ካጠበቀው በኋላ ግን 0.08 ሲደመር 0.76፣ 0.84 ባር ሆነ፤ ጋዙ ከዜሮ በታች 30 ላይ መፍላት ጀመረ፣ ሱፐርሂቱ 10 ደረሰ። ሠንጠረዡ «አራት» እያለ አጨበጨበለት።

የዚህን ስህተት ክፋት የሚያሳየው አቅጣጫው ነው። ደጋ ላይ በባሕር ጠለል ሠንጠረዥ የሚሠራ ሰው ሱፐርሂቱን ሁልጊዜ ከእውነተኛው ያነሰ አድርጎ ያየዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ ማጥበቅ ያዘነብላል። አንዳንዴም ከዜሮ በታች የወረደ ሱፐርሂት ያገኛል፤ በተፈጥሮ ሊኖር የማይችል ነገር ነው። ያኔ የሚወቀሰው ቴርሞሜትሩ ነው። ሁለተኛው ክፋት ደግሞ ስህተቱ ከክፍል ክፍል መለያየቱ ነው። ያቺው ሩብ ባር፣ ግፊቱ ከፍ ባለበት በአር-410ኤ የሚሠራ የቢሮ ኤሲ ላይ ከአንድ ዲግሪ አትበልጥም፤ ማንም አያያትም። በአር-134ኤ የሚሠራ፣ ጋዙ 5 ዲግሪ ላይ በሚፈላበት ማቀዝቀዣ 2 ዲግሪ ትሆናለች፤ ከዜሮ በታች 10 ላይ 3፤ ከዜሮ በታች 25 ላይ 5። ስለዚህ ለዓመታት ኤሲ ሲያስተካክል ከርሞ ሠንጠረዡ አሳፍሮት የማያውቅ ባለሙያ፣ ፍሪዘር ሲነካ ያው ሠንጠረዥ ይከዳዋል። ልምዱ ራሱ ይከዳዋል ማለት ነው። ለፍትሐዊነት፣ ፍሪዘሩ አር-404ኤ ቢሆን ኖሮ ግፊቱ ከፍ ስለሚል ስህተቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ግማሹም ቢሆን ግን መላው ሱፐርሂት 4 ወይም 5 ዲግሪ በሆነበት ሥራ ትንሽ አይደለም። ከባሕር ጠለል 1,640 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ባቱ የሩቡ ባር ልዩነት ወደ 0.18 ይወርዳል፤ ጅቡቲ ወደብ ላይ ሠንጠረዡ እንደታተመ ይሠራል።

አንድ የሚገርም ነገር እዚህ ጣልቃ ይግባ። ቫልቩ ራሱ ደጋ መውጣቱን አያውቅም። የሽፋኑ ላይኛውም ታችኛውም ወገን በተዘጋ ጋዝ የተያዘ ስለሆነ የውጭ አየር የሚገባበት የለም፤ ጅቡቲም ሆነ አዲስ አበባ ያንኑ ሱፐርሂት ይሰጣል። ደጋ መሆኑን የሚያውቁት ከውጭ አየር ጋር የሚመዛዘኑት ናቸው፤ ጌጁ፣ እንደ ጌጁም አንድ ጎኑ ለአየር ክፍት የሆነው ዝቅተኛ ግፊት ሲያይ ኮምፕረሰሩን የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ። ማሽኑ በትክክል እየሠራ፣ መለኪያው ብቻ እየተሳሳተ፣ ሰው ማሽኑን ከመለኪያው ጋር ለማስማማት የሚያበላሸው ለዚህ ነው። የአየሩ መቅለል ማሽኑን በሌላ በኩል ይነካዋል እርግጥ፤ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ክብደቱ በሩብ ያህል ስለሚቀንስ ኢቫፖሬተሩም፣ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለው ኮንደንሰሩም አቅማቸው ይጎድላል። ይህ ግን ማሽን ሲመረጥ የሚታሰብ እንጂ በቫልቭ ቁልፍ የሚካስ አይደለም።

«ሠንጠረዥ ምን ያደርጋል፣ በረዶውን አይቶ ማወቅ ይቻላል» የሚሉ ነባር ባለሙያዎች አሉ። መምጠጫው ቧንቧ እስከ ኮምፕረሰሩ ድረስ በረዶ ከለበሰ ጋዝ በዝቷል፣ ከቫልቩ አጠገብ ካቆመ አንሷል ይላሉ። ይህን ዕውቀት መናቅ ነውር ነው፤ መለኪያ በሌለበት ዘመን ብዙ ማሽን አኑሯል። ነገር ግን በረዶ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቧንቧው ገጽ ከዜሮ በታች መሆኑንና አየሩ ውስጥ እርጥበት መኖሩን። ጋዙ ከዜሮ በታች 4 ላይ በሚፈላበት የአበባ ክፍል ዜሮ ዲግሪ ከትክክለኛው ሱፐርሂት ጋር ስለሚገጣጠም የበረዶው ጫፍ በእርግጥ ጥሩ ምስክር ነው። ልማዱም የተወለደው እንዲህ ባሉ ክፍሎች ሳይሆን አይቀርም። በዓሣው መጋዘን ግን ሱፐርሂቱ 2 ቢሆን ቧንቧው ከዜሮ በታች 23፣ 6 ቢሆን ከዜሮ በታች 19 ነው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው። በኤሲ ደግሞ ጋዙ 5 ዲግሪ ላይ ፈልቶ ተኑ በ11 ይወጣል፤ ላብ እንጂ በረዶ የለም። በዚያ ላይ የጥር አየርና የነሐሴ አየር እኩል አይረጥቡም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን የጥንቃቄው ነው። «እሺ፣ ሱፐርሂቱ 10 ይሁን፤ ኢቫፖሬተሩ ትንሽ ቢጎድል ይሻላል ወይስ ኮምፕረሰር ቢሰበር?» ኮምፕረሰር በውጭ ምንዛሪ በሚገዛበት አገር ይህ የፈሪ ንግግር አይደለም። ሆኖም ጥያቄው ከሁለቱ አደጋዎች አንዱን ብቻ ያያል። ብዙዎቹ ኮምፕረሰሮች ሞተራቸው የሚቀዘቅዘው ራሱ በሚመለሰው ተን ነው። ቫልቩ ሲጠብ የሚመለሰው ተን ይሞቃል፣ መጠኑም ያንሳል። በዚያ ላይ የመምጠጫው ግፊት ሲወርድ ሥራው ይከብዳል፤ በምሳሌያችን ኮንደንሰሩ 40 ዲግሪ ላይ እየሠራ ቢሆን፣ በፊት ኮምፕረሰሩ ጋዙን የሚጨምቀው ከ1.06 ወደ 10.2 ባር፣ ማለትም ዘጠኝ እጥፍ ተኩል ነበር፤ ከጠበበ በኋላ ከ0.84 ተነሥቶ ስለሆነ አሥራ ሁለት እጥፍ። የሚወጣው ጋዝ ሙቀት በዚያው ልክ ያሻቅባል፤ ዘይት የሚያረጀው በዚህ ሙቀት ነው። አንዳንድ አምራቾች ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ቧንቧ ከ107 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚያስጠነቅቁት በዚህ የተነሣ ነው። በፈሳሽ የሚሞት ኮምፕረሰር ጮኾ ይሞታል፤ በሙቀት የሚሞተው ግን ወራት ወስዶ፣ ጥፋቱም «መብራት ነው» ተብሎ ይቀበራል። ደግሞስ መድኑ የሚከፈለው የግድ ከኢቫፖሬተሩ መሆን የለበትም። ሱፐርሂት ሁለት ቦታ ይለካል፤ ኢቫፖሬተሩ መውጫ ላይና ኮምፕረሰሩ መግቢያ ላይ። ቫልቩ የሚገዛው የመጀመሪያውን ነው፤ ኮምፕረሰሩን የሚመለከተው ሁለተኛው ነው። አምራቾች በሁለተኛው ቦታ 11 ዲግሪ ያህል ሲጠይቁ፣ ያ ሁሉ ቫልቩን በማጥበቅ ይምጣ ማለታቸው አይደለም። በመምጠጫው መስመር ላይ የሚገጠም የሙቀት መለዋወጫ፣ ፈሳሽ የሚያጠራቅም ጋን፣ የታሰበበት የቧንቧ ርዝመት ልዩነቱን ይሞላሉ።

ስንት ይሁን ለሚለው፣ በጭፍን ከሚሸመደድ ቁጥር የተሻለ መነሻ አለ። ለቀዝቃዛ ክፍሎች ኢቫፖሬተር አቅም ሲለካ በአውሮፓ የሚሠራበት ደንብ ሱፐርሂትን በኢቫፖሬተሩ በሚገባው አየርና በጋዙ ነጥበ ፍላት መካከል ካለው ልዩነት 65 በመቶ ያደርገዋል። ዓሣው መጋዘን አየሩ ከዜሮ በታች 18፣ ጋዙ ከዜሮ በታች 25 ስለሆነ ልዩነቱ 7 ነው፤ 65 በመቶው 4 ተኩል። ሆለታ አካባቢ ያለ የጽጌረዳ ክፍል አበባው እንዳይደርቅ ልዩነቱን 5 ብቻ አድርጎ ቢሠራ፣ ሱፐርሂቱ 3 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ቧንቧው ውስጥ ያለው ተን አጠገቡ ካለው አየር በላይ ሊሞቅ ስለማይችል፣ ልዩነቱ 5 በሆነበት ክፍል «8 ዲግሪ ሱፐርሂት» መፈለግ ከንቱ ነው፤ የሚገኘው ጋዙን አስርቦ ነጥበ ፍላቱን በማውረድ ብቻ ነው። በጥቅሉ ለኤሲ ከ5 እስከ 7፣ ለመካከለኛ ክፍሎች ከ3 እስከ 5፣ ለፍሪዘር ከ2 እስከ 4 ተኩል የሚሉት የተለመዱ ልኮች ከዚሁ አስተሳሰብ አይርቁም። ለቤት ፍሪጅ ይህ ሁሉ አይሠራም፤ በቀጭን ቱቦ የሚሠራ ስለሆነ የሚዞር ቁልፍ የለውም፣ ጋዙ በሚዛን ይሞላል እንጂ።

አር-22 እየቀረ ሲሄድ ድብልቅ ጋዞች መጥተዋል፤ አር-407ሲ አንዱ ነው። እንዲህ ያለው ጋዝ በአንድ ሙቀት አይፈላም፤ መፍላት ከሚጀምርበት እስከሚጨርስበት ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ይሄዳል። ሠንጠረዡ ሁለት ዓምድ ያለው ለዚህ ነው፤ ለሱፐርሂት የሚነበበው መፍላት የሚያልቅበት፣ ከፍ ያለው ቁጥር ነው። ዓምዱን ያምታታ ሰው ያለ ሱፐርሂት ሱፐርሂት ያነባል፤ ይኸኛው ስህተት ከደጋው በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትታል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡም አልፎ አልፎ ተጣፍተው ቁጥሩን ትክክል ያስመስሉታል።

ኤሌክትሮኒክ ቫልቭ መጥቶ ይህ ጭንቀት አብቅቷል የሚሉም አሉ። አላበቃም፤ ቦታ ለወጠ እንጂ። ስፕሪንጉን ኮምፒውተር ተክቶታል፤ ገመዱ በብርድ መኮማተሩም በሒሳቡ ውስጥ ገብቶለታል። ይሁንና ኮምፒውተሩ ግፊቱን የሚያገኘው ከሴንሰር ነው፤ ሴንሰሩ ከአካባቢው አየር ጋር የሚያመዛዝን ዓይነት ከሆነና የቦታው ከፍታ ካልተነገረው፣ የመካኒኩን ስህተት ሌት ተቀን በትጋት ይደግመዋል። ዲጂታል ጌጅም እንደዚሁ ነው። የከፍታ ማስተካከያ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ማውጫው ውስጥ ገብቶ የሚሞላው ካገኙ።

ማስተካከሉ ራሱ ከሒሳቡ ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ክፍሉ ሞቆ ሳለ፣ ዕቃ እንደገባ ወይም በረዶ ማቅለጡ (ዲፍሮስት) እንዳለቀ የሚነበብ ሱፐርሂት የዚያን ሰዓት እንጂ የክፍሉ አይደለም፤ ሙቀቱ ከታሰበለት በ3 ዲግሪ ውስጥ እስኪደርስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ግፊቱ መወሰድ ያለበት ቡልቡ ካለበት አጠገብ ነው። ከሩቅ፣ ኮምፕረሰሩ ጋ ከተወሰደ በመንገድ የጠፋችው 0.1 ባር ለኤሲ አንድ ዲግሪ እንኳ ሳትሞላ፣ ለፍሪዘር ወደ 2 ዲግሪ ታስታለች፤ ያው የገመዱ ነገር። ከዚያ ሩብ ዙር፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ መጠበቅ። ንባቡ ከፍ ዝቅ እያለ የሚዋልል ከሆነ ሱፐርሂቱ ቫልቩ ከሚችለው በታች ወርዷል፣ ጥቂት ማጥበቅ ነው።

በዓሣው መጋዘን የሚቀረው ሥራ ይኸው ነው። ካርዱን አውጥቶ ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «አዲስ አበባ፤ ከጌጁ ላይ 0.25 ቀንስ» ብሎ መጻፍ፤ ቁልፉን በሩብ በሩብ ወደ ግራ መመለስ፤ 0.3 ባር ሲነበብ 0.05 ብሎ ሠንጠረዡ ውስጥ መግባትና ከዜሮ በታች 25ን ማግኘት። ረዳቱ ከታች ሆኖ ቁጥሩን ይጠራል፣ መካኒኩ መሰላሉ ላይ ይጠብቃል፣ በየመካከሉ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያልፋል፤ ከዜሮ በታች 18 በሆነ ክፍል ውስጥ፣ በቀጭን ካፖርት።